ሞንታልቺኖ ልትሄዱ ላሰባችሁ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ጣሊያን የኮረብታ ከተሞች ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ ሞንታልቺኖ ነው። ላልሰማችሁ፦ በቶስካና ክልል፣ ከሲዬና በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 564 ሜትር ላይ የተቀመጠች፣ በግንብ የታጠረች የመካከለኛው ዘመን ከተማ ናት። ከተማ ትባል እንጂ ስፋቷ የመንደር ነው። ብሩኔሎ የተባለው ዝነኛ ቀይ ወይን የሚመረተው በእሷ ዙሪያ ብቻ ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬ በራሴ አነጋገር አቅርቤያቸዋለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ለፎቶ የሚሆን ተረከዝ ያለው ጫማ ልያዝ?

መልስ፦ አትያዢ። መንገዱ ድንጋይ ንጣፍ ነው፤ ግማሹ ዳገት፣ ግማሹ ቁልቁለት።

ጥያቄ፦ ሮም የሚኖር አንድ ወንድም እናቱና አክስቱ ከአዲስ አበባ ሊመጡለት ነው። መኪና ተከራይቶ ሳን ጂሚኛኖን፣ ሞንታልቺኖን፣ ፒየንዛንና ሞንቴፑልቻኖን በአንድ ቀን ሊያሳያቸው አስቧል። «ይቻላል ወይ?» ይላል።

መልስ፦ መንዳቱ ይቻላል። መጎብኘቱ ግን አይቻልም። እባክህ ተወው።

ሳን ጂሚኛኖ ከሲዬና ሰሜን ምዕራብ ነው። ሦስቱ ደግሞ በተቃራኒው፣ ወደ ደቡብ ናቸው። ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። እናትህ ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው መጥተው የሚያዩት የመኪና ማቆሚያ፣ የመጸዳጃ ቤት ሰልፍና የሚቀጥለውን ዳገት ይሆናል።

ይህን ጉዳይ ደጋግሜ የማነሳው ከልብ ስለሚያሳስበኝ ነው። አስጎብኚ አውቶቡሶች ረፋድ ላይ ይመጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ይመለሳሉ። ለሁለት ሰዓት የመጣ እንግዳ እራት አይበላም፤ አያድርም። ከዳቦ ቤቱ ዳቦ፣ ከልኳንዳው ሥጋ አይገዛም። የሚገዛው ማግኔትና ፖስትካርድ ነው። ታዲያ እንግዳው ሁሉ እንዲህ ከሆነ ዳቦ ቤቱ ሱቁን ለማግኔት ሻጭ ይለቃል። ነዋሪውም ዳቦ ለመግዛት መኪና ማስነሳት ሲሰለቸው ቤቱን አከራይቶ ወደ ሜዳው ይወርዳል። በዝነኞቹ የኮረብታ ከተሞች ይህ በዓይን የሚታይ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚሄድለት ምግብና ወይን ደግሞ የሚዘልቀው እዚያው የሚኖር ሰው ሲኖር ነው። እዚያ የሚያድር እንግዳ ሁሉ ለዳቦ ቤቱ ድጋፍ ነው።

ማደር ለእንግዳውም ይጠቅመዋል። ሞንታልቺኖ የራሷን መልክ የምታሳየው አመሻሽ ላይ ነው። ፒያሳ ዴል ፖፖሎ የምትባለው ጠባብ አደባባይ ላይ፣ ከቀጭኑ የሰዓት ማማ ሥር፣ ሽማግሌዎች ወጥተው ወሬ ይጀምራሉ። እዚያው ጥግ ከ1888 ጀምሮ የሚሠራ፣ የእብነ በረድ ጠረጴዛና ቀይ ከፋይ መቀመጫ ያለው ካፌ አለ። ምሽት ላይ ባለ ምግብ ቤቱ ረጋ ይላል። ፓስታውን ማን እንደሠራው፣ አይቡ ከየትኛው እረኛ እንደመጣ ብትጠይቀው ቆሞ ይነግርሃል። ቀን ላይ ይህን ጊዜ ከየት ያምጣው?

ግንቡንም ቀስ ብሎ ማየት ነው። የሲዬና ሰዎች የሠሩት በ1361 ነው። ሲዬና ራሷ በ1555 በፍሎረንስና በስፔን ኃይል ስትወድቅ፣ እጅ አንሰጥም ያሉ ቤተሰቦች ወደዚህ ሸሽተው እስከ 1559 ድረስ ሪፐብሊካቸውን ከዚህ ኮረብታ አስተዳደሩ። ሲዬና ያን ውለታ አልረሳችም። ፓሊዮ በሚባለው የፈረስ ግልቢያ በዓሏ ሰልፍ ላይ ለሞንታልቺኖ ዛሬም የክብር ቦታ ትሰጣለች። እናትህ ይህን ታሪክ ግንቡ አናት ላይ ሆነው፣ ከታች የኦርቻን ሸለቆ እያዩ ቢሰሙት አዲስ አበባ ተመልሰው ለጎረቤት ያወሩታል።

እናም ምክሬ፦ ሁለት ሌሊት ሞንታልቺኖ እደሩ። በመሐል ባለው ቀን ጠዋት ፒየንዛ ሂዱና የበግ አይቧን ቅመሱ። ሌሎቹን ለሌላ ዓመት ተዉአቸው።

ጥያቄ፦ የሸንገን ቪዛ ስንት ቀን ይፈጃል?

መልስ፦ ማመልከቻ የሚያስገቡበትን ኤምባሲ ወይም የቪዛ ማዕከል ይጠይቁ። በጊዜ ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ አንዲት እናት ልጃቸው በነሐሴ ልትወስዳቸው ነው። ፍልሰታን ይጾማሉ። «ሥጋና አይብ በሚበላበት አገር ምን ልበላ ነው? ድርቆሽ ልያዝ?» ብለዋል።

መልስ፦ እማማ፣ ድርቆሹን ከወደዱት ይያዙት፤ ግን አይራቡም። የቶስካና ገበሬ ለብዙ ዘመን የኖረው በቦሎቄ፣ በሽምብራ፣ በጎመን፣ በዳቦና በወይራ ዘይት ነው። ፒንቺ የሚባል የአካባቢው ፓስታ አለ፤ ሌላ ቦታ ፒቺ ይሉታል። በእጅ እየተድቦለቦለ የሚሠራ ወፍራም ክር ነው። በባህሉ ዱቄትና ውኃ ነው፤ እንቁላል የሚጨምሩ ግን ስላሉ ይጠይቁ። በቲማቲምና በነጭ ሽንኩርት ወጥ ሲቀርብ «አልዮኔ»፣ በዘይት በተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ ሲቀርብ «ብሪቾሌ» ይባላል። ሁለቱም ይሆኑልዎታል፤ ከላይ አይብ እንዳይነሰንሱበት ብቻ ይንገሩ። ፓፓ አል ፖሞዶሮ በቲማቲም የተሠራ የዳቦ ገንፎ ነው። ሪቦሊታ የጥቁር ጎመንና የነጭ ቦሎቄ ሾርባ ነው፤ እሱ ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ አንዳንድ ቤት የሥጋ መረቅ ወይም የአሳማ ስብ ይገባበታል።

ልጅዎ ይህን ወረቀት ላይ ጽፋ ትያዝ፦ «ሴንዛ ካርኔ፣ ሴንዛ ኦቫ፣ ሴንዛ ላቴ፣ ሴንዛ ቡሮ፣ ሴንዛ ፎርማጆ።» ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ አይብ ማለት ነው። ወይም «ቬጋኖ» ካለች ይበቃል። ሁለት ነገር ልጨምር። የቶስካና ዳቦ ጨው የለውም፤ ባህላቸው ስለሆነ የተሳሳቱ እንዳይመስልዎ። እንዲሁም እነሱ የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩት ነሐሴ 15 በፈረንጆቹ፣ በእኛ ነሐሴ 9 ነው። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ እረፍት ላይ ስለሆነ ማደሪያ ቀድማ ትያዝ።

ወይኑን በጾም ስለመቅመስ የጠየቁኝን ለንስሐ አባትዎ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ብሩኔሎ ያን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው ለምንድን ነው? አንድ ጊዜ ቀምሼው አፌን አደረቀው።

መልስ፦ ገንዘቡ የጊዜ ዋጋ ነው። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ሳንጆቬዜ ከተባለው የወይን ዝርያ ብቻ፣ ከሞንታልቺኖ መሬት ብቻ። ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንጨት በርሜል ይቆያል። ከዚያም ጠርሙስ ውስጥ ይከርማል። በ2020 መከር የተለቀመ ወይን ከጥር 2025 በፊት ለገበያ አይወጣም። ገበሬው ይህን ሁሉ ዓመት ደመወዝ እየከፈለ፣ የወይኑን ጎተራ እያሞቀና እያቀዘቀዘ፣ ሳይሸጥ ይጠብቃል። ወይኑን በዚህ መልክ በመጀመሩ ስሙ የሚነሳው የቢዮንዲ ሳንቲ ቤተሰብ ነው፤ የ1888ቱ ምርታቸው ዛሬም ይወሳል። ጣሊያን በ1980 ከፍተኛውን የጥራት ደረጃ ከሰጠቻቸው የመጀመሪያዎቹ ወይኖች አንዱ ብሩኔሎ ነው። በ2008 አንዳንድ አምራቾች ሌላ የወይን ዝርያ ቀላቅለዋል ተብሎ ትልቅ ምርመራ መነሳቱም ሰዉ ለዚህ ሕግ ምን ያህል እንደሚቆረቆር ያሳያል።

አፍ የሚያደርቀው ታኒን ነው። ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ፣ ከበርሜሉም የሚመጣ ነገር ነው። አክሱሚት የለመደ ምላስ በባዶ ሆድ ብሩኔሎ ሲቀምስ መደንገጡ አይገርምም። ከተጠበሰ ሥጋ ወይም ከቆየ የበግ አይብ ጋር ይሞክሩት፤ ያኔ ይለሰልሳል። መጀመሪያ ግን ሮሶ ዲ ሞንታልቺኖን ይጠይቁ። ከዚያው የወይን ዝርያ፣ ከዚያው መሬት ነው። በቶሎ ስለሚወጣ ለስላሳ ነው፤ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ለእኔ የዕለት እራት ወይን እሱ ነው። ጣፋጭ ካልሆነ አልጠጣም ካሉ ደግሞ ሞስካዴሎ የሚባል የከተማዋ ጥንታዊ ጣፋጭ ነጭ ወይን አለ። ብዙ ሰው ሳያውቀው ይመለሳል። «ኦሲ ዲ ሞርቶ» ከሚባለው የአልመንድ ብስኩት ጋር ግሩም ነው።

ጥያቄ፦ «ሦስት የወይን ጎተራ እንጎበኛለን። ባለቤቴ ሁለት ሦስት ብርጭቆ ምንም አያደርገኝም፣ እኔ ነኝ የምነዳው ይላል።»

መልስ፦ አይነዳም። በዚህ ላይ አልደራደርም። የጣሊያን ሕግ በአንድ ሊትር ደም ውስጥ ከ0.5 ግራም በላይ አልኮል አይፈቅድም። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ዓመት ላልሞላው ደግሞ ዜሮ ነው። ጎተራዎቹ ያሉት ከከተማው ውጭ፣ ቁልቁል፣ በጠመዝማዛና በብዙ ቦታ አስፋልት በሌለው መንገድ ላይ ነው። ከሦስት ጎተራ አንዱን ምረጡ። ቀጠሮ ያዙ፤ ሳይነግሩ መሄድ ነውር ነው፤ ብዙዎቹም አይከፍቱም። ያደራችሁበት ቤት መኪና ከሾፌር ጋር እንዲጠራላችሁ ከአንድ ቀን በፊት ጠይቁ። የግድ እነዳለሁ ካለ ይትፋው። ጠረጴዛው ላይ ያለው ዕቃ ለዚያ የተቀመጠ ነው፤ ባለሙያዎቹ ሁሉ ይተፋሉ፤ ማንም አይታዘበውም።

ወደ ግንቡ ውስጥም በመኪና አትግቡ። ለነዋሪ ብቻ የተፈቀደውን መንገድ ካሜራ ይጠብቀዋል፤ ቅጣቱ ቤታችሁ ድረስ ይመጣል። ስለ መንጃ ፈቃዱ አከራዩን ጠይቁ፤ ዓለም አቀፉንም ከአገር ቤቱ ጋር መያዝ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ያላዘዝኩት ሒሳብ «ኮፔርቶ» ተብሎ ተጨመረብኝ። ተጭበረበርኩ?

መልስ፦ አልተጭበረበሩም። የመቀመጫና የዳቦ ክፍያ ነው፤ ሜኑው ላይ ይጻፋል። እንደ ጉርሻ አይቁጠሩት።

ጥያቄ፦ በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አለ? እናቴ ወይን አይጠጡም፤ እንዳይሰለቻቸው።

መልስ፦ ሳንታንቲሞ ገዳም ውሰጂያቸው። ከከተማዋ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የወይራ ዛፍ መሐል ብቻውን የቆመ። አሁን ያለው ሕንፃ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከድንጋዩ መካከል አልባስጥሮስ ስላለበት ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃን ያሳልፋል። ከዓምዶቹ በአንዱ አናት ላይ ነቢዩ ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ ተቀርጿል። እናትሽ ማንም ሳያስረዳቸው ያውቁታል። ትከሻ የሚሸፍን ነጠላ ይያዙ።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ አባት ኢንሱሊን ይወስዳሉ። ልጃቸው «ቀይ ወይን ለልብ ጥሩ ነው ይባላል፤ ትንሽ ቢቀምሱስ?» ብሏል።

መልስ፦ ሐኪማቸውን ሳታነጋግሩ አንድ ጉንጭም እንዳይቀምሱ። ይህን የምለው ለወጉ አይደለም። አልኮል ጉበት ወደ ደም ስኳር እንዳይለቅ ይይዘዋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከጠጣ ከብዙ ሰዓት በኋላ፣ ተኝቶ ሳለ እንኳ ስኳሩ ሊወርድ ይችላል። ምልክቱ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባትና ማላብ ስለሆነ አጠገቡ ያለው ሰው ስካር ነው ብሎ ዝም ይለዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ጉዞው ሳይቆረጥ ቀጠሮ ያዙ፤ መድኃኒቶቹን በሙሉ ይዛችሁ ቅረቡ፤ በጉዞ ላይ ስለሚበሉበት ሰዓትም ጠይቁ። እዚያ የምሳ ወጥ ቤት በአብዛኛው ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ ይዘጋል፤ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ ትኩስ ምግብ ላይገኝ ይችላል። ዳቦና ጣፋጭ ነገር ከኪሳቸው አይጥፋ።

ጥያቄ፦ አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ወደ ኩዌት ብመለስስ?

መልስ፦ እንዳታደርጊው። ኩዌት መጠጥ ማስገባት ክልክል ነው። የሞንታልቺኖን ማር ግዢ፤ ጥሩ ማር አላቸው።