የእህታችንን ፊት ከመለጠፋችሁ በፊት

በየጊዜው አዲስ የመጣ ልጅ ያገኘኝና «ጋሼ፣ የወገኖቻችንን በደል በቪዲዮ ለዓለም ማሳየት እፈልጋለሁ። ምን ካሜራ ልግዛ?» ይለኛል። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ካሜራው ግን ይቆይ።

1. ሕጉ
አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የግል ንግግርን ያለ ተነጋጋሪዎቹ ሁሉ ፈቃድ መቅዳት ወንጀል ነው። ወንዙን ተሻግራችሁ ቨርጂኒያ ስትገቡ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ኢምሬትስ ያላችሁ ደግሞ፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ቀርጾ መለጠፍ እንደሚያሳስር እወቁ።

2. ሙያው
የያዛችሁት ስልክ ይበቃል። ትርፍ ገንዘብ ካላችሁ ማይክ ግዙበት። ሰው የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፤ ድምፁ ካልተሰማው ግን ወዲያው ጥሎ ይሄዳል። ዋሽንግተን ያለው የማርቲን ሉተር ኪንግ ቤተ መጻሕፍት የራሱ ስቱዲዮ አለው፤ ካርድ አውጡና ተጠቀሙበት። ሰው ከማናገራችሁ በፊት ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ፍሪጁንም ንቀሉ። የባለታሪኳን እጅ፣ በሩን፣ ሻንጣውን ለየብቻ አሥር አሥር ሰከንድ ቅረጹ። ኤዲት ስታደርጉ ያስፈልጋችኋል።

3. ፊቷ
የምቆጣው እዚህ ላይ ነው። ከአሠሪዎቿ ቤት ያመለጠች ልጅ እያለቀሰች ላይቭ ታስገቧታላችሁ። ፊቷ ይታያል። ከኋላዋ መስኮቱ፣ በመስኮቱ በኩል የፋርማሲው ማስታወቂያ ይታያል። የሰፈሩ ሰው የት እንዳለች በአንድ እይታ ይለያል። እናቷ ደግሞ አገር ቤት ሆና ጉዱን ከጎረቤት ስልክ ላይ ታያለች። ይሄ ለእሷ መታገል ነው?

ሊባኖስ በቤት ሠራተኝነት የሄደችውን ዓለም ደቻሳን ታስታውሳላችሁ? እ.ኤ.አ. በ2012 ቤይሩት፣ በቆንስላችን ደጃፍ፣ እየጎተቱ በግድ መኪና ውስጥ ሲያስገቧት በቪዲዮ ተቀረጸች። ምስሉ በሊባኖስ ቴሌቪዥን ታየ። ቀናት ሳይቆዩ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ቪዲዮው ባይኖር በደሏ ተደብቆ ይቀር ነበር፤ ይህን አልክድም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን፣ ያን ምስል ስንቀባበል ሰንብተን ብዙዎቻችን የልጆች እናት መሆኗን የሰማነው ከሞተች በኋላ መሆኑ ነው። ጩኸቷን እንጂ እሷን አላወቅናትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ካሜራውን አስቀምጡና አናግሯት። የማን ልጅ ናት? ማን ላካት? ደመወዟ ስንት ወር ተያዘ? ፓስፖርቷ ማን እጅ ነው? ታሪኩ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ እንባዋ ላይ ብቻ አይደለም። እያለቀሰች «እሺ» ስላለች ፈቀደች አትበሉ። የጨነቀው ሰው ለሁሉም ነገር እሺ ይላል። በነጋታው፣ ስትረጋጋ፣ ቪዲዮውን አሳይታችሁ «አሠሪሽም ሊያየው ይችላል፣ ይውጣ?» ብላችሁ ጠይቋት። ፈቃድ ያ ነው።

ከፈራች እጇን ወይም ጀርባዋን ቅረጹ። ድምፅን በአፕ መቀየር ብቻውን አያስተማምንም፤ ቃሏን ሌላ ሰው ያንብብላት። የስልኩን የቦታ መረጃ አጥፉ። በስሟ ገንዘብ ከሰበሰባችሁ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደደረሳት እሷው ራሷ ትወቅ።

4. አትቁረጡ
ዋናውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 እስራኤል ውስጥ፣ ሆሎን ከተማ፣ ዳማስ ፓካደ የተባለ ቤተ እስራኤላዊ ወታደር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ በፖሊስ ሲደበደብ የጥበቃ ካሜራ ይዞት ነበር። ሕዝቡን ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ አደባባይ ያወጣው ያ ቅጂ ነው። ሙዚቃ አልነበረውም፣ የሚጮህ ተራኪም አልነበረውም።

የልጅቷን ቪዲዮ ከለጠፋችሁ በኋላ ደግሞ አትጥፉባት። በሳምንቱ ደውሉላት። «አውርዱልኝ» ካለች ያኑ ቀን አውርዱት። ይሄን ያህል ሰው አይቶታል እያላችሁ አትከራከሯት።