ስዋሂሊ ልማር ወይስ እንግሊዝኛ ይበቃኛል? ላልሽው እህቴ

ሰላም እህቴ። ከባሕር ዳር ከቸርች ቡድን ጋር ለሁለት ወር ለሚሽን ኬንያ ልትሄጂ ነው። ከሰው ጋር ለመላመድ ስዋሂሊ ልማር ወይስ እንግሊዝኛ ይበቃኛል ብለሽ ጠይቀሻል። ከተማውን አልጻፍሽም። ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለው ኪሱሙ ነው ብዬ ልውሰደው፤ ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ሌላ የት ይላካል? እኔም የተላክሁት እዚያ ነው። ጥያቄሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ የድሮው ንዴቴ ተነሣ።

1. ሰዉ ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ምን እንደሆነ አጣሪ። እኔ አላጣራሁም። ማለቴ ጠይቄ ነበር። ጉዞውን የሚያስተባብረው ቢሮ (ስሙ ይቅር) የነበረው ሰውዬ ከስልኩ ቀና እንኳን ሳይል «ኬንያ ስዋሂሊ ነው፤ ምን ታካብዳለህ?» አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው «ፎርሙን ሞልተሃል?» ብሎ ዘጋኝ። አመንኩት። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ አስተማሪ ቀጥሬ ስዋሂሊ ተማርኩ። 6,000 ብር ወጣብኝ፤ ያኔ ለእኔ ትልቅ ብር ነበር።

ኪሱሙ ስደርስ ሰዉ እርስ በርሱ የሚጫወተው በራሱ ቋንቋ፣ በሉኦ ነው። ስዋሂሊ ስናገር ይገባቸዋል፤ በትሕትና ይመልሱልኛል። ከዚያ ወደ ጓደኛቸው ዞረው በሉኦ ይሳሳቃሉ። እኔ ዳር ቆሜ ፈገግ እላለሁ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላ ነው። ሉኦ ከእኛው ጋምቤላ የአኙዋ ቋንቋ ጋር ዘመድ ነው። እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አንድ የአኙዋ ልጅ ፈልጌ ቡና ብጋብዘው ኖሮ፣ ቢያንስ ጆሮዬ ለምዶ ይሄድ ነበር። በቡና ዋጋ!

ስዋሂሊው ከንቱ ነው አልልም። ማታቱ (የእነሱ ሚኒባስ ታክሲ) ላይም ገበያም ይሠራል። ሰዓት አቆጣጠሩም እንደ እኛ ነው፤ «ሳ ታቱ» ሲሉ የእኛው ሦስት ሰዓት ማለት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ወደ ፈረንጅ ሰዓት ይዞራሉ። አንዱ በእንግሊዝኛ «ሦስት ሰዓት ቤት ና» ቢለኝ ጠዋት በሦስት ሰዓት ከተፍ አልኩ። የተጠራሁት ለካ ለከሰዓት ዘጠኝ ኖሯል። እናቱ ቤት እያጠቡ ነበር። አፍሬ ባልዲ ተቀበልኳቸው። ውኃ በሉኦ «ፒ» መሆኑን የተማርኩት ያን ቀን ነው።

2. አስተርጓሚ አታብዢ። የመጀመሪያውን ሳምንት በአስተርጓሚ መሰከርን፣ ተጨበጨበልን፤ ስሜን የያዘ ሰው ግን አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ዱንጋ ወደሚባለው የዓሣ ማውረጃ ዳርቻ ብቻዬን ሄድኩ። አንዲት ሴትዮ ዓሣ ትጠብሳለች። ሳየው ቆሮሶ ነው፣ የእኛው ቆሮሶ! በጣቴ እያሳየሁ «ማ ኤን አንጎ?» አልኳት፤ ይህ ምንድን ነው ማለት ነው። «ንጌጌ» አለችኝ። ዓሣ በጠቅላላው ደግሞ «ሬች» ነው። ሰላምታቸው ውስጥ ምላስ በጥርስ መሀል ወጣ ብሎ የሚነገር ድምፅ አለ፤ አማርኛ የለውም። እሱን ልሞክር ስል እየሳቀች ጎረቤቶቿን ጠራቻቸው። ልጅ ሆኜ ቸርቻችን የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ «ጠጣ» ማለት አቅቶት «ተታ» ይል ነበር። እኛ ልጆቹ ድገመው እያልን እንከተለው ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ይወደዋል። ዱንጋ ላይ እሱን ሆንኩ።

ስልክሽ ላይ የጣና ፎቶ ጭነሽ ሂጂ። ታንኳችንን ሳሳያቸው በጣም ገረማቸው። ደንገሉ እነሱም ዳርቻ ሞልቷል። እንቦጩን ሳሳያቸው ግን አሣ አጥማጆቹ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ነው፤ ቪክቶሪያን ከዚያ ሃያ ዓመት ያህል ቀድሞ ነው የወረረው። መረባቸውን እንዴት እንደሚይዘው፣ ጀልባው እንዴት እንደሚታገት በእጃቸው እያሳዩ አወሩኝ። እኔም በተሰባበረ ሉኦ የእኛን ነገርኳቸው። «ለመሆኑ ለምን መጣህ?» ብለው ወንጌሉን ያስጀመሩኝ ራሳቸው ናቸው። የቡድን መሪያችን ግን «ዓሣ ልትበላ ነው የመጣኸው?» አለኝ፤ ሪፖርቱ ላይም ጻፈብኝ። ዛሬ ከዚያ ቡድን ከኪሱሙ ሰው ጋር የሚደዋወለው ማን እንደሆነ እሱን ጠይቂልኝ።

3. ስም። ሉኦዎች ልጅ በተወለደበት ሰዓት ስም ያወጣሉ። ሌሊት የተወለደ ወንድ ኦቲዬኖ ነው፣ ሴቷ አቲዬኖ። ዓሣ ጠባሿ «አንተስ መቼ ተወለድክ?» አለችኝ። ለካ አላውቅም። እዚያው ቆሜ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ላለችው እናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ስንት ሰዓት ነው የወለድሽኝ?»

«ምነው፣ አመመህ እንዴ?» ብላ ደነገጠች። ስታምነኝ ጊዜ «ሌሊት ነዋ፤ ዶሮ ሳይጮህ፣ መብራት ጠፍቶ» አለች።

ሌሊት ማለቷን ስነግራቸው ዳርቻው ሁሉ «ኦቲዬኖ!» አለ። ዓሣ ጠባሿ አሁንም በዋትሳፕ የምትልክልኝ የድምፅ መልእክት በዚሁ ስም ነው የሚጀምረው። ቀጥላ ስለ እናቴ ትጠይቀኛለች፣ ከዚያ ስለ እንቦጩ።

እና ሻንጣ ከማሰርሽ በፊት እናትሽን ስንት ሰዓት እንደወለደችሽ ጠይቂያት። ከተማው ኪሱሙ ካልሆነ እዚሁ ጻፊልኝ፤ ሌላ ቦታ የሄደ ሰው አፈላልግልሻለሁ። ቢሮውን ብቻ እንዳትጠይቂ።