የሙያ ምክር፦ «ይህ ጥናት እንጀራ ይሆነኛል ወይ?»
እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ፖታሺየም ከዲኤንኤ ጋር ምን ያህል አጥብቆ እንደሚያያዝ በማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውልን ክብደት በሚለካ መሣሪያ) እየለካሽ ነው፤ ማስተርሱ ሊያልቅ ስድስት ወር ቀርቶታል። ሪያድ ሆኖ ወጪሽን የሚሸፍነው ወንድምሽ ግን «እንጀራ አይሆንም፣ አቋርጠሽ ነይ» ይልሻል።

አታቋርጪ። የሚልከው ገንዘብ ላቡ ነው፣ አክብሪው፤ ሕይወትሽን የሚወስንበት ሥልጣን ግን አይሰጠውም። ደግሞም እያየ ያለው ርዕሱን ብቻ ነው። ቀጣሪ የሚፈልገው እጅሽ የለመደውን ነው።

ምን እንደለመድሽ ተመልከቺ። ጓኒን የተባለው «ፊደል» የበዛበት ዲኤንኤ ተጣጥፎ ሦስት ንብርብር ሲሠራ፣ በመካከላቸው ሁለት ፖታሺየም ይገባል። እያንዳንዱ የመሣሪያውን ንባብ በ38 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን ናሙናውን ይዛ ወደ መሣሪያው የምትረጨው ጠብታ እየተነነች ስትሄድ ጨዉ ይበረታና ሌላ ፖታሺየም በዲኤንኤው የውጭ ጎን ባለው ፎስፌት ላይ እንዲሁ ይለጠፋል፤ እሱም 38 ነው። መታጠፍ የማይችል፣ ርዝመቱ እኩል የሆነ ዲኤንኤ መቆጣጠሪያ ናሙና አድርገሽ አብረሽ ለክተሽ የተለጣፊውን ድርሻ ካልቀነስሽ፣ የምታሰዪው የማሰር ጥንካሬ ሐሰት ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ስታገኝ ግዢዋ ክፉኛ ወደቀ። ቅሪቱ ከእርሻው ይሁን ከሌላ ቦታ መለየት ግድ ሆነ፤ ጆንያው ሳይቀር ተጠርጥሮ ነበር። ያንቺም ጥያቄ ይኸው ነው፦ ያየሁት ከራሱ ነው ወይስ ከውጭ የተለጠፈ? የቡና ቅሪት፣ የመድኃኒት ጥራትና የውኃ ምርመራ ላብራቶሪዎች የሚፈልጉት ይህን ጠይቆ የሚመልስ ሰው ነው።

እኔ ከማስተርስ በኋላ የገባሁት መድኃኒት ጥራት ቁጥጥር ነው። በቃለ መጠይቁ ስለ ጥናቴ ርዕስ ማንም አልጠየቀኝም፤ «ባዶ ናሙና (የሚፈለገው ነገር የሌለበትን) የምትለኩት መቼ መቼ ነው?» ነበር ጥያቄው። የጀማሪ ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ዛሬም ከሪያድ ጋር አይወዳደርም። ይህን ለወንድምሽ ሳትደብቂ ንገሪው። የምትጨርሺበትን ቀን ቁረጪለት፣ ከዚያ በኋላ ወጪሽን ራስሽ እንደምትችዪም ቃል ግቢለት። ስድስት ወር ለማትረፍ ያለፈውን ልፋት ሁሉ መጣል ግን ኪሳራ ነው።

ዶክትሬቱን አሁን አታስቢው፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሥሪ። እንግሊዝኛሽ በየሳምንቱ አንድ ገጽ ሪፖርት ስትጽፊ ይሻሻላል። የመሣሪያው ወረፋ ካስቸገረሽ የማታውን ሰዓት ጠይቂ።

ሲቪሽ ላይም ርዕሱን ከታች አውርጂውና ከላይ የሠራሽበትን መሣሪያ፣ የለካሽውን የናሙና ብዛትና ያዘጋጀሽውን መቆጣጠሪያ ናሙና ጻፊ። ስትጨርሺ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ።