ከአልጋ ሥር ያለው ጥቅል

ስለ አሮጌ ሕንፃዎች ንድፍና ንድፎቹን ስለሚጠብቁ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎች ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን ዛሬ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የሕንፃ ነዳፊ ነበር። ከአልጋው ሥር ትልቅ የወረቀት ጥቅል አገኘን። ገሚሱ ሰማያዊ ሆኖ መስመሩ ነጭ ነው፤ ገሚሱ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ይሸታል። በካውያ አቃንተን ላሚኔት እናስደርገው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ካውያውን ወደ ቦታው ይመልሱት፤ ላሚኔት ደግሞ አንዴ ከተደረገ ወረቀቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ ይቸግራል። በእጅዎ ያለው ሦስት ዓይነት ወረቀት ነው። ሰማያዊው ብሉፕሪንት ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኸርሼል በፈረንጆች 1842 በደረሰበት ዘዴ፣ የብረት ጨው በተቀባ ወረቀት ላይ በብርሃን ይታተማል። የወለደው ብርሃን መልሶ ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ግድግዳ ላይ አይስቀሉት። ጨለማ ውስጥ ሲያርፍ ከደበዘዘው ቀለም የተወሰነው ይመለሳል። የሚሸተው በአሞኒያ የተባዛ ዲያዞ ቅጂ ሳይሆን አይቀርም። ኬሚካሉ አጠገቡ ያለውን ወረቀት ስለሚያበላሽ ለብቻው ይጠቅልሉት። ስሱ ትሬሲንግ ወረቀት ነው፤ ብዙ ጊዜ አባትዎ በእጃቸው የሠሩት ዋናው ንድፍ እርሱ ነው፣ ሌሎቹ ከእርሱ የተባዙ ናቸው። ሲያረጅ እንደ ደረቀ ቅጠል ይሰባበራል፤ በግድ አይዘርጉት። የተቀደደውንም በፕላስተር አይለጥፉት፤ ሙጫው ከዓመታት በኋላ ቡናማ ሆኖ ወረቀቱን ዘልቆ ይገባል።

ቤተ መጻሕፍት እስኪረከበዎት ድረስ፣ ሰፋ ባለ የካርቶን ቱቦ ላይ ላላ አድርገው ይጠቅልሉት፤ በታጠበ አቡጀዲ ይሸፍኑትና ከመሬት ከፍ ባለ፣ ጭስ በማይደርስበት ቦታ ያኑሩት። የደብረ ብርሃን ክረምት እርጥበት ሻጋታ ይጠራል፤ የአልጋ ሥር ወለል ደግሞ የአይጥ መንገድ ነው።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አደራ እላለሁ። በጥቅሉ መሐል ደብዳቤ፣ ውል፣ የድንጋይና የሲሚንቶ ሒሳብ ካለ አይለዩት፤ አባትዎ ያስቀመጡበትንም ቅደም ተከተል አያፍርሱት። ንድፉ ሕንፃው ምን እንዲመስል እንደታሰበ ይናገራል፤ ደብዳቤው ለምን በዚያ መልክ እንዳልተሠራ ይነግረናል። ከዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ቢሮ ሲቀየር ወደ ውጭ የተጣሉ ንድፎችን አይቻለሁ። ጥቂቱን አነሣሁ፤ ነገር ግን የሕንፃው ስም የተጻፈበት ፋይል ተለይቶ ስለጠፋ፣ የየትኛው ሕንፃ እንደሆኑ የሚነግረኝ እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። የአንኮበር ቤተ መንግሥት ፕላን ከየት ይገኛል? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ልጄ፣ የዚያ ዘመን ግንበኛ በገመድ፣ በካስማና በክንዱ እየለካ በመሬቱ ላይ ነበር የሚነድፈው፤ ስለዚህ እንደ ዛሬው ያለ ፕላን አትጠብቅ። ሥዕል ግን አለ። በፈረንጆች ከ1841 እስከ 1843 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከመጣው የእንግሊዝ ልዑክ ጋር ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ ነበር፤ የሸዋን እይታዎች ስሎ በ1852 አሳትሟቸዋል። ሥዕል ግቢው ከሩቅ ምን እንደሚመስል ያሳያል እንጂ የግድግዳውን ውፍረት አይነግርህም። እርሱን ከፍርስራሹ አንተ ራስህ ልታገኘው ትችላለህ። ሜትርና እርሳስ ያዝ፤ ቦታውን የሚጠብቁትን አስፈቅድና ከጓደኞችህ ጋር የቀረውን ግንብ ለካ። በ1፡50 ንደፈው፤ ይህም ማለት በመሬት 1 ሜትር የሆነው በወረቀቱ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የሰሜኑን አቅጣጫ፣ የለካህበትን ቀንና የለካችሁትን ስም ጻፍበት። ያላየኸውን ግድግዳ ገምተህ አትሙላ። ንድፉ ሲያልቅ አንዱን ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስጥ፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያንተን ሉህ የሚፈልግ ተማሪ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ንድፎቹን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንስቻለሁ። ወረቀቱን ልጣለው? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ በፍጹም! የስልክ ፎቶ መስመሩን ስለሚያጣምም ልኬት አይወሰድበትም። ጥሩ ስካነር እንኳ የተፋቀውን መስመርና ከጀርባው የተጻፈውን ሁሉ አይዝም። ፎቶው ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ እንዳይነካ ያግዛል፤ ጥቅሙ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ የቤተሰባችንን ንድፎች ለዩኒቨርሲቲ ብንሰጥ መብታችን አይጠፋም? ደግሞስ ዩኒቨርሲቲ ለምን ይፈልገዋል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ወረቀቱና የፈጠራው መብት የተለያዩ ናቸው። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የአንድ ሥራ የኢኮኖሚ መብት አመንጪው በሕይወት ሳለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ወረቀቱን ማስረከብ ብቻውን ይህን መብት አያስተላልፍም። ቢሆንም በቃል አይስጡ። ስንት ሉህ እንደሰጡ፣ ማን እንዲያየው፣ ማን እንዲያባዛው እንደፈቀዱ በጽሑፍ ተዋዋሉ፤ አንድ ቅጂ ለእናንተ ይቅር።

ዩኒቨርሲቲ የሚፈልገው ተማሪ ከእውነተኛ ሥራ እንዲማር ነው። በኒው ዮርክ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ስመ ጥሩ የኤቨሪ የሥነ ሕንፃ ቤተ መጻሕፍት በፈረንጆች 1890 የተጀመረው፣ አርክቴክት ልጃቸው ሄንሪ የሞተባቸው አባትና እናት የእርሱን መጻሕፍትና ንድፎች ስለሰጡ ነው። ስትሰጡም የነዳፊውን ሙሉ ስም፣ የሠራበትን አገርና የምታውቁትን ዘመን በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ አያይዙ፤ በንድፉ ላይ ምንም አትጻፉ።