ቴሲስ በአንድ ቴንስ ብቻ ይጻፋል ወይ?

እህቴ፣ «የእንግሊዝኛ ቴሲሴን ሙሉውን በፓስት ቴንስ (በኃላፊ ጊዜ) ብጽፈው ይሻላል? ቴንሱ ከምዕራፍ ምዕራፍ እየተጋጨብኝ ነው» ብለሽ ጠይቀሻል። አይ፣ እንደሱ አታድርጊው። ቴንስ መለዋወጡ ስህተት አይደለም። ስህተት የሚሆነው ያለምክንያት ሲለዋወጥ ነው።

ቀላሉን ላስቀድም። ሜቶዶሎጂና ሪዘልት ፓስት ናቸው፤ ሥራው አልቋላ። እኔ ማስተርሴን ስሠራ የፕሮፖዛሉን ሜቶዶሎጂ ኮፒ አድርጌ ቴሲሱ ውስጥ አስገባሁት። ዳታው ከተሰበሰበ ወራት አልፈዋል፣ ጽሑፌ ግን ገና «ዊል ቢ ኮሌክትድ» ይላል። አማካሪዬ ምዕራፉን እንዳለ መለሱልኝ። አንቺ ከወዲሁ «ዊል» የሚለውን ሰርች አድርጊና አንድ በአንድ እያየሽ አስተካክዪ። ሠንጠረዥ ስትጠቁሚ ግን «ቴብል 3 ሾውስ» ነው፤ ሠንጠረዡ አሁንም ገጹ ላይ አለ።

ብዙዎቻችንን የሚጥለን ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ) ነው። አንዱ ምክንያት አማርኛችን ይመስለኛል። «በ2015 አጥንቷል» ብንል ምንም አይጎረብጠንም። ያንኑ ይዘን ስንሄድ «ሃዝ ስተዲድ ኢን 2015» እንላለን። እንግሊዝኛ ይህን አይቀበልም። ያለፈው ጊዜ ተለይቶ ከተጠቀሰ ሲምፕል ፓስት ነው። ፕረዘንት ፐርፌክት የሚመጣው ጊዜው ሳይለይ፣ እስከ ዛሬ ስለዘለቀ ነገር ስትጽፊ ነው፤ «ሜኒ ስተዲስ ሃቭ ሾውን» እንደሚባለው። ኤፒኤ (APA) የሚባለው የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ መመሪያም ለሪቪው የሚመክረው እነዚህን ሁለቱን ነው። (ጥናትሽ በልብ ወለድ ላይ ከሆነ ግን ይለያል፤ ታሪኩ ውስጥ የሚሆነው ነገር የሚጻፈው በፕረዘንት ነው።)

አሁን ወደምወደው ነጥብ ልምጣ። «ዊ ፋውንድ ዛት» ካልሽ በኋላ የምትመርጪው ቴንስ ያንቺን አቋም ይናገራል። «ስሊፕ ኢምፕሩቭድ ሜሞሪ» ስትይ ያጠናሻቸው ሰዎች ላይ ያየሽውን ብቻ ነው የምትመሰክሪው። «ስሊፕ ኢምፕሩቭስ ሜሞሪ» ካልሽ ግን ለማንም፣ የትም ይሠራል እያልሽ ነው። 40 ሰው አጥንተሽ ሁለተኛውን ከጻፍሽ ፈታኙ «በምን ማስረጃ?» ቢልሽ እውነት አለው። ዲስከሽን ላይ ውጤቱን ስትተረጉሚ ደግሞ «ዚስ ሰጀስትስ» በዪ። ትርጓሜው ዛሬም የያዝሽው ሐሳብ ነውና።

እስቲ አንድ ምዕራፍ ውሰጂና ግሶቹን ብቻ በቀለም አስምሪባቸው። «ለምን ይሄ ቴንስ?» ብለሽ መልስ ያጣሽላቸውን ዓረፍተ ነገሮች እዚሁ ለጥፊልን፤ አብረን እናያቸዋለን።