«ኪዩሬተራችሁ ማን ነው?» ሲሉን ምን እንበል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አምስት ሠዓሊዎች ነን። አብረን ተምረን፣ አሁንም አንድ ስቱዲዮ በጋራ ተከራይተን እንሠራለን። የመጀመሪያ ኤግዚቢሽናችንን ልናሳይ ስንል የአዳራሹ ሰዎች ገና ሳንቀመጥ «ኪዩሬተራችሁ ማን ነው?» አሉን። ከመሃላችን አንዱ ቀበል አድርጎ «እኔ ነኝ» አለና ጉድ ፈላ። አሁን ፖስተሩ ላይ ስሜ ከሁላችሁም በላይ በትልቁ ካልተጻፈ ይላል። ሥዕል ለመስቀል ይህን ያህል? ወይስ «ሁላችንም ነን» እንበል? — የተናደደችው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የተናደድሽው እህቴ፣ መጀመሪያ ለጓደኛሽ ትንሽ ልከራከርለት። ሥዕል መስቀል የሥራው መጨረሻ ነው፤ ያውም ቀላሉ። ኪዩሬተር ማለት ኤግዚቢሽኑን የሚያሰናዳው ሰው ነው፤ ከዚያ ወራት ቀደም ብሎ ከስቱዲዮ ስቱዲዮ ይዞራል። ከሃያ ሥዕል ሰባቱን ይመርጥና አሥራ ሦስቱ ለምን እንደቀሩ ለሠዓሊው ፊት ለፊት ይነግራል (ወዳጅ የሚያሳጣውም ይሄ ነው)። የትኛው ከየትኛው ጎን ቢሰቀል እንደሚያምርበት ሲያስብ ያድራል፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ይጽፋል፣ ስፖንሰር ይለምናል፣ የጭነት መኪና ይፈልጋል፣ የመብራት ሠራተኛውን ይጨቀጭቃል። ጓደኛሽ ይህን ሁሉ ከሠራ ስሙ ይጻፍለት። ከሁላችሁም በላይ በትልቁ የሚለው ግን ይቅርበት።

ዲግሪ የግድ ነው ካላችሁም አይደለም። በ2024 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው የጣሊያን ትልቅ ኤግዚቢሽን የራሷን ፓቪሊዮን (የአገር ማሳያ ቦታ) ስትከፍት፣ የተስፋዬ ኡርጌሳን ሥዕሎች ያሰናዳው ገጣሚው ለምን ሲሳይ ነበር። ኪዩሬተሯ መስከረም አሰግድ ደግሞ ከሠዓሊው ኤልያስ ስሜ ጋር ሆና መካኒሳ ውስጥ ዞማ ሙዚየምን በጭቃና በጭድ አሠርታ በ2019 ከፍታለች። ሥራው ጭቃ እስከማስቦካትም ይሄዳል ማለት ነው።

አሁን ወደ «ሁላችንም ነን» እንምጣ። ያስኬዳል፤ ተሞክሯልም። ካስል በምትባል የጀርመን ከተማ በየአምስት ዓመቱ ለመቶ ቀን የሚቆይ ዶኩሜንታ የሚባል ትልቅ ኤግዚቢሽን አለ። የ2022ቱን እንዲያሰናዱ የተመረጡት ሩዋንግሩፓ የሚባሉ፣ በ2000 ጃካርታ ውስጥ የተሰባሰቡ አርቲስቶች ናቸው። ዝግጅቱ ለእንዲህ ዓይነት ቡድን ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ይዘውት የመጡት ሐሳብ ምን መሰለሽ? ሉምቡንግ። ሉምቡንግ የመንደሩ ሰው የተረፈውን ሩዝ በጋራ የሚያኖርበት ቦታ ነው። ጎተራ በይው! ገንዘቡንም ሐሳቡንም እዚያ ጎተራ አስገቡትና ቡድኖችን ጋበዙ፤ ተጋባዦቹ ሌሎችን ጋበዙ፤ እነዚያም ሌሎችን፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ተሳታፊው ከ1,500 አለፈ። ዋጁኩ የሚባሉት የናይሮቢ አርቲስቶች የአንዱን አዳራሽ መግቢያ እንደ ሰፈራቸው ቆርቆሮ በቆርቆሮ አደረጉትና የዓመቱን የአርኖልድ ቦደ ሽልማት ወሰዱ። እኔ ይሄን ነገር ወድጄዋለሁ። ቆርቆሮ እንደዚያ ሲከበር የት ይታያል?

ግን ጣጣም አለው። በተከፈተ ሰሞን ታሪንግ ፓዲ የሚባል ሌላ የኢንዶኔዥያ ቡድን በ2002 የሠራው ግዙፍ ሸራ አደባባይ ላይ ተሰቀለ። ሸራው በሰው ምስል የታጨቀ ነው፤ ከዚያ ሁሉ መሃል አይሁዶችን የሚያንቋሽሹ ምስሎች ተገኙ። ያውም ጀርመን ውስጥ! መጀመሪያ በጥቁር ጨርቅ ሸፈኑት፣ ወዲያው አወረዱት። ሠሪዎቹም ሩዋንግሩፓም ይቅርታ ጠየቁ፤ የዶኩሜንታ ዋና ዳይሬክተርም በሐምሌ ሥራቸውን ለቀቁ። አገሩ ሁሉ የጠየቀው «ይህን ሸራ ሳይሰቀል በፊት ማን አየው?» ብሎ ነው። አንድ ሰው ቢያሰናዳውም ሊሳሳት ይችል ነበር፤ ግን ያኔ የሚጠየቀው ይታወቃል። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ አርት ሪቪው መጽሔት በጥበቡ ዓለም ተደማጭ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው መቶ ስሞች አንደኛ ያደረገው ሩዋንግሩፓን ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ በጋራ አሰናዱት። እቁብ እንኳ ዳኛና ጸሐፊ አለው አይደል? አንድ ቀን ቡና አፍሉና አምስታችሁም ተቀምጣችሁ በወረቀት ላይ አስፍሩት፦ ሥዕል ሲመረጥ ካልተስማማችሁ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? ከአዳራሹ ጋር ማን ይፈርማል? ሸራ ቢቀደድ ከማን ኪስ ይወጣል? ተመልካች ተቆጥቶ ቢመጣ ማን ወጥቶ ያናግረዋል? ፖስተሩ ላይ አምስታችሁንም በፊደል ተራ ጻፉ። ያ ጓደኛሽ ስሙ በ«ሀ» የሚጀምር ከሆነ እንግዲህ ቻሉት።

ጥያቄ፦ ኪዩሬተር ሥዕል ሲሸጥ ፐርሰንት ይወስዳል? — ከሐዋሳ

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ አይወስድም። የሚከፈለው ለሥራው የተስማማበትን ነው። ከሽያጭ ላይ የሚቆርጠው ጋለሪው ነው፤ ውጭ አገር እስከ ግማሽ ድረስ መውሰዱ የተለመደ ነው። ክፍያውንም ፐርሰንቱንም ካላገኘሁ የሚልሽ ሰው ከመጣ ቁጥሩን በጽሑፍ ስጠኝ በይው።