ዋናው ገጸ ባሕርይ ሕይወት ሲያጣ፦ ልመለስ ወይስ ልቀጥል?

እህቴ፣ ልብ ወለድሽ ግማሽ ላይ ደርሶ ወደ መርካቶ የመጣው ወጣት ነፍስ አልዘራ ስላለሽ፣ «ከመጀመሪያው ምዕራፍ እንደገና ልጀምር ወይስ ልቀጥል?» ብለሻል። የእኔ መልስ፦ ወደ ኋላ አትመለሺ፤ ግን እንዳለም አትቀጥዪ።

ከጻፍሽው አጭር መግለጫ እንደተረዳሁት፣ ልጁ ላይ ሁሉም ነገር ይደርስበታል እንጂ እሱ ምንም አያደርግም። አጎቱ ያመጣዋል፣ ነጋዴው ይቀጥረዋል፣ ልጅቷ ትወደዋለች፣ ነጋዴው ያባርረዋል። የእሱ ውሳኔ የታለ? ጠባሳ፣ አሳዛኝ የልጅነት ታሪክ ወይም የቁጣ አመል ብትጨምሪለት አይድንም፤ እነዚህ ልብስ ናቸው። የሚያስፈልገው አጥብቆ የሚሻው ነገርና ለዚያ ሲል የሚከፍለው ዋጋ ነው። ለምሳሌ ከሱቁ ገንዘብ ቢጎድልና የወሰደው አጎቱ መሆኑን ልጁ ብቻ ቢያውቅስ? ቢናገር ማደሪያውን ያጣል፤ ዝም ቢል ጥፋቱ በእሱ ይላከካል። የትኛውንም ይምረጥ፣ ከዚያ በኋላ መባረሩ የራሱ ታሪክ ይሆናል።

ይህን ትዕይንት ዛሬውኑ ጻፊው። ከዚያ የፊተኞቹ ምዕራፎች እንደታረሙ ቆጥረሽ ከቆምሽበት ቀጥዪ፤ የሚለወጠውን በማስታወሻ ብቻ ያዢ። የመጀመሪያው ምዕራፍ እያማረ መጽሐፉ ሳያልቅ የቀረባቸው ብዙ ጀማሪዎችን አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል።

አንድ ሁኔታ ብቻ ያስመልስሻል፦ አዲሱ ፍላጎቱ ያሰብሽውን መጨረሻ የሚያፈርስ ከሆነ። ያኔም ቢሆን ምዕራፎቹን ከመንካትሽ በፊት የታሪኩን ንድፍ እንደገና አውጪው።